የእድሩ ዕቃ ያዥ በር

አስማማው በዕድሜው ያገኘው ሹመት አንድ ብቻ ነው፤ የሰፈሩ እድር ዕቃ ያዥነት። ድስቱ፣ ድንኳኑ፣ አግዳሚው ሁሉ የሚቀመጠው ደብረ ማርቆስ ባለው ቤቱ ጓሮ፣ ከአንዲት የጭቃ ክፍል ውስጥ ነው። ይቺን ሹመት በሚኒስትርነት ለውጥ ቢሉት አይለውጣትም። ታዲያ ሌባ ገብቶ ትልቁን ብረት ድስት ይዞበት ሲሄድ ሊያብድ ምንም አልቀረው። የእድሩ ዳኛ አቶ ያለው ደግሞ በስብሰባ መሀል፣ «ሁለተኛ ከጠፋ ሌላ ሰው እንመርጣለን» ብለው ቁርጡን ነገሩት።

በማግስቱ ብረታ ብረት ሱቅ ገባ። ባለሱቋ ሂዊ ያላትን የቁልፍ ዓይነት ሁሉ ደረደረችለት።

«ሌባ የሚፈራው የትኛውን ነው?» አላት።

«አንዱን ሌባ ጠርቼ ልጠይቅልዎት?»

አልተቀየማትም። አንዱን ከፈተ፣ ሌላውን ዘጋ፣ ጓጉንቸሩን በመዶሻ አስደበደበ። መምረጥ ሲያቅተው ሰረገላ ቁልፉንም ገዛ፤ ከጓጉንቸሮቹም ሁለት ጨመረ። ሚስቱ የብርጓል በሩን አይታ፣ «እንግዲህ መልአከ ሞትም ቢመጣ ደጅ አዳሪ ነው» አለች። እሱ ግን መክፈቻዎቹን በክር አስሮ ከማተቡ ጎን አንጠለጠላቸው። ለእሷ እንኳ ትርፍ አልሰጣትም።

የእህቱ ልጅ ክርስትና ደርሶ ደምበጫ ሄደ። ጠላውን ገና አንድ ሁለት እንዳለ የብርጓል ደወለች።

«ጋሽ ጀምበሩ ሞቱ።»

ጋሽ ጀምበሩ ዕድሜ ልካቸውን ከጎረቤት ጋር ተስማምተው የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው። ሲሞቱም ማንንም አላማከሩም።

«ነፍስ ይማር» አለ አስማማው።

«እሱን ተወውና መክፈቻው የት ነው?»

አስማማው አንገቱን ዳሰሰ።

በሚኒባስ እየበረረ ሲደርስ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ወጡም በእድሩ ድስት ይንተከተካል። ከድንኳኑ መሀል በሩ ድንጋይ ላይ ተጋድሞ ሽማግሌዎች ተቀምጠውበታል። ሦስቱም ቁልፎች እንደተቆለፉ ናቸው።

«ቁልፍህስ የወንድ ነው» አሉ አቶ ያለው፣ ፈቀቅ ብለው እያሳዩት። «በመዶሻ ብንለው፣ በድጅኖ ብንለው አልበገር አለን። ግድግዳው ግን ጭቃ አይደል? ከነመቃኑ ነቀልነው።»

አስማማው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሌባ የማይችለውን ቁልፍ ገዝቶ ያስቸገረው ለቀስተኛን ነው። እንባው መጣ፤ ደግነቱ ልቅሶ ቤት ነውና ለምን አለቀስክ የሚል አልነበረም። መክፈቻዎቹን ከአንገቱ አውልቆ ለዳኛው ዘረጋ።

«እንግዲህ ሌላ ሰው ይምረጡ።»

አቶ ያለው እጁን መልሰው ገፉት። «ያዘው። አንተ ብቻ ሰው ሊሞት ሲል ከከተማ አትውጣብን።»

እሳቸው ለቀልድ ነው የተናገሩት፤ አስማማው ግን ቃላቸውን እንደ ትእዛዝ ወሰደው። ዛሬም ከከተማ ከመውጣቱ በፊት የሰፈሩን አሮጊትና ሽማግሌ ቤት ለቤት እየዞረ ጤና ይጠይቃል፤ የሚያስል ካገኘ መንገዱን ይሰርዛል። እማማ ወለተ ሐዋርያት መጀመሪያ ላይ፣ «እንዴት ያለ ሰው ወዳድ ነው!» እያሉ ይመርቁት ነበር። ምክንያቱን የሰሙ ዕለት ግን ምርቃቱን አቆሙ። አሁን ነጠላውን አጣፍቶ ብቅ ሲል ገና ከበሩ ሳይደርስ ይጣራሉ፦

«ሂድ፣ ዛሬ አልሞትብህም። ማደሩን ግን ተው።»