አሜን ያልተባለለት ትምህርት

በደርግ ጊዜ በአፕላይድ ማቲማቲክስ ስመረቅ የተመደብሁት ፍኖተ ሰላም፣ እርሻ ቢሮ ነበር። ሥራዬ የትኛው ቀበሌ ምን ያህል ማዳበሪያ እንደሚሻ፣ የትኛው ማሳ ስንት ኩንታል እንደሚሰጥ ማስላት ነው። አሳምሬ እሠራው ነበር፤ አልወደውም እንጂ። ገበሬው ለልማት ሠራተኛው ይገምታል፣ የልማት ሠራተኛው ለእኛ ይገምታል፣ እኔ ደግሞ በግምቱ ላይ አሥርዮሽ እጨምርበታለሁ። አለቃዬ አሥርዮሹን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። እኔን ያንገበግበኛል።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከስብሰባ በተረፈችኝ ጊዜ፣ የኪራይ ክፍሌ በር ላይ ተቀምጬ ከዩኒቨርሲቲ አስተማሪዬ የተዋስሁትን የፑር ማቲማቲክስ፣ የንጹሕ ሒሳብ፣ መጽሐፍ አነብ ነበር። እዚያ ውስጥ ግምት የለም። ለአንድና ለራሳቸው ብቻ የሚካፈሉ ቁጥሮች ማለቂያ እንደሌላቸው በጥቂት መስመር ተረጋግጧል፤ ዝናብ ቢቀርም መንግሥት ቢለወጥም ያው ነው። ማረጋገጫው የገባኝ ቀን ደስታዬን የምነግረው ሰው ፍለጋ ከተማውን ዞርሁት። የቢሮ ባልደረቦቼን ጠጅ ቤት አገኘኋቸው። ተቀመጥሁ፣ ጠጣሁ፣ ስለ ማዳበሪያ አብሬያቸው አውርቼ ተመለስሁ። እንደዚያን ቀን ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም።

በኋላ አዲስ አበባ በፑር ማቲማቲክስ ለማስተርስ ትምህርት ተቀበሉኝ። ልሰናበት ቡሬ አጠገብ ወዳለው አገሬ ሄድሁ። እዚያ እኔ መሬት ለኪ ነኝ። ቀበሌው መሬት በገመድ ሲያከፋፍል ጠማማውን ማሳ ሁሉ ለእኔ ያቆዩልኝ ነበር፤ እኔ ከለካሁት ጠብ የለም። አባቴም በዚህ አንገታቸውን ቀና አድርገው ይሄዱ ነበር።

ጤፍ ሲያርሙ አገኘኋቸውና አብሬያቸው እያረምሁ ገመዱን ትቼ ሌላ ትምህርት ልማር እንደምሄድ ነገርኋቸው።

«ይኸ አዲሱ ትምርት ምን ይለካል?» አሉኝ።

«ምንም አይለካም፣ አባየ።»

«ታዲያ ምን ያረጋል?»

«ነገሩ እውነት መሆኑን ያረጋግጣል።»

«የምኑ ነገር?»

«የቁጥሩ።»

ቀና ብለው አዩኝና ወደ አረማቸው ተመለሱ። 

በማግስቱ የሚካኤል ማኅበር እኛ ቤት ነበር። ጠላው ከተቀዳ በኋላ የነፍስ አባታችን ተነሡ። የምሄደው ያንኑ የመሬት ልኬት ልማር መስሏቸዋል፤ ከገመድ ሌላ ምን ያስቡ?

«ገመድህ አይጠር! ዓይንህ አይሳት! የድኻውን ድንበር የምታስከብር ያርግህ!»

ቤቱ በሙሉ «አሜን!» አለ። አባቴ ጋኑ አጠገብ ቆመው ነበር። አፋቸው አልተንቀሳቀሰም። የተቀየሙኝ መሰለኝ፤ እንቅልፍም አልወሰደኝ።

ጧት ጓዜን ተሸክመው እስከ ቡሬ ሸኙኝ። አውቶቡሱ ጋ ስንደርስ፣

«አሜን ስላላልሁ ቅር አለህ አይደል?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባየ።»

«ምርቃቱኮ ገመድ ለሚጥል ሰው ነው። አንተ ትቸዋለሁ ብለኸኛል። ከጻዲቁ፣ ከማኅበሩ ጽዋ ፊት ቁሜ እንዴት ብየ አሜን ልበል?»

«እንግዲያው እርስዎ ይመርቁኝ።»

ጓዜን መሬት አስቀመጡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፣ አፋቸውን ከፈቱ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ። ጠበቅሁ። ቀና ስል እጃቸው ወርዷል።

«የማላውቀውን ምን ብየ ልመርቅ፣ ልጄ? እግዜርን ምን ስጠው ልበለው?»

ረዳቱ «ግባ፣ ግባ!» እያለ ይጮኻል። ጉልበታቸውን ስሜ ገባሁ።

እንዲህ ያለ አባት አይቀየሙትም፤ እኔም አልተቀየምሁም። ግን ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የት እንደምሄድ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ከቡሬ እስከ ደምበጫ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስሁ።