ኩኒዮ እና አርባ ስድስቱ እርከኖች

ኩኒዮ ሃያሳካ ኢና ከተማ ውስጥ አምፕሊፋየር በሚሠራ ትንሽ ፋብሪካ ዐሥራ አንድ ዓመት አገልግላለች። ሥራዋ ፍተሻ ነው። ተሠርቶ ያለቀውን አምፕሊፋየር ትከፍትና የድምፁን ማዞሪያ ከዳር እስከ ዳር ታዞረዋለች፤ ካልተንኮሻኮሸ ማኅተሟን ታሳርፋለች። ከዚህ ሌላ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ዐሥረኛ ዓመቷን ስትደፍን ፋብሪካው አንድ አምፕሊፋየር ሸልሟት ነበር። አማቷ አልጋ ከያዙ ወዲህ ግን ሸክላ የምትሰማው በጣም ዝቅ አድርጋ ነው፤ ሽማግሌው በወረቀት ከተለበጠው ስስ በር ማዶ ቀኑን ሙሉ ይተኛሉ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ታዲያ አንድ ነገር ከነከናት። ድምፁን ከፍ ስታደርገው ዘፋኟ ከሁለቱ ስፒከሮች መሃል ቆማ ትዘፍናለች፤ ዝቅ ስታደርገው ግን ወደ ግራ ትሸሻለች። ስፒከሮቹን አቀያየረቻቸው። ሴትዮዋ አሁንም ግራ ነች።

ሰኞ ጠዋት ለኢንጂነር ናሩሴ ነገረችው። ናሩሴ ፋብሪካው ሊያወጣ ያሰበውን ትልቁን አምፕሊፋየር የሚነድፍ፣ ቅን ግን ችኩል ሰው ነው።

«ወይዘሮ ሃያሳካ፣ እኔ ራሴ ለክቼዋለሁ። ግራና ቀኙ እኩል ነው።»

«ማዞሪያውን የት ላይ አድርገው ነው የለኩት?»

«መሃል ላይ ነዋ።»

«እኛ ቤት መሃል ላይ አድርጎ የሚሰማ የለም። አማቴ ይነቁብኛል።»

አጠገቧ የምትበይደው ሚሳኦ ሳቋ አመለጣት። «ኢንጂነር፣ እትዬ ኩኒዮ ሰማሁ ካለች ቢለኩት ይሻልዎታል። የኔን ብየዳ እንኳ ሳታየው በድምፁ ለይታ ነው የምትመልስብኝ።»

ናሩሴ ፊቱ ቀላ፤ ቢሆንም መለኪያውን አመጣ። ማዞሪያውን ወደ ታች ባወረደው ቁጥር የግራና የቀኙ ቁጥር እየተራራቀ ሄደ። ሌላ አምፕሊፋየር አስመጣ፤ ያኛው ደግሞ ወደ ቀኝ አጋደለ። ዐሥራ ሁለት አምፕሊፋየር ፈትሾ ሲጨርስ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ማዞሪያው ውስጥ ሁለት የካርቦን ቅብ አለ፣ ለግራ አንድ፣ ለቀኝ አንድ» አላት። «ድምፁ ዝቅ በሚልበት ጫፍ ላይ ሁለቱን አንድ ዓይነት አድርጎ የሚቀባ አላገኘንም። በእርከን የሚዞር ማዞሪያ ብናደርግ፣ በየእርከኑ ለግራም ለቀኝም ኤሌክትሪኩን የሚቀንስ ሬዚስተር ይበየዳል። ችግሩ ሬዚስተሮቹም ሲመጡ ይለያያሉ።»

«እኩያ እኩያውን እመርጣቸዋለኋ።»

«አርባ ስድስት እርከን ነው እኮ።»

«መቁጠር አያቅተኝም» አለችው።

የክፍሉ አለቃ ነገሩን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህንን የማን ጆሮ ይሰማዋል?»

«እኔ ሰምቼዋለሁ፣ አለቃ» አለች ኩኒዮ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ዓይኗንም አልሰበረችም።

ክረምቱን በሙሉ ሬዚስተር ስትለካ ከረመች። እያንዳንዱን ለክታ በእንቁላል መደርደሪያ ካርቶን ውስጥ ከመሰሉ ጋር ታስቀምጣለች። ጠዋት የተስማሙት ጥንዶች ከሰዓት ሲለኩ የተለያዩበት ቀን ነበር፤ የጣቷ ሙቀት ቁጥሩን እንደሚያዛባ ገባትና ከዚያ ወዲያ ሁሉንም በወረንጦ መያዝ ጀመረች። የመጀመሪያው ማዞሪያ በየእርከኑ ጧ ጧ እያለ አስቸገረ። ሁለተኛው አላረካውምና ናሩሴ ራሱ ፈታታው። ሦስተኛው ተሳካ።

የፋብሪካው ባለቤት ማዳመጫ ክፍል ገብተው ተቀመጡ፤ አለቃውም አጠገባቸው። ናሩሴ ሸክላውን አስገባና ማዞሪያውን ለኩኒዮ ተወላት። እሷም እርከን በእርከን ዝቅ አደረገችው። ዘፈኑ ሹክሹክታ እስኪሆን ድረስ ዘፋኟ ከመሃል ንቅንቅ አላለችም። ባለቤቱ ተነሡና አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ለኩኒዮ እጅ ነሡ። እሷም አጸፋውን መለሰች፤ ቀና ስትል ግን ደረቷ ሞልቶ ነበር።

ናሩሴ በንድፉ ወረቀት ላይ ከስሙ ቀጥሎ የሷን ስም ጻፈ። አለቃው የሚጻፈው የኢንጂነር ስም ብቻ ነው ቢሉት፣ «እንግዲያው የኔንም ይሰርዙት» አላቸው። ስሟ እንዳለ ቀረ።

በዓመቱ ኩኒዮ ከሚሳኦና ከሌሎች ሦስት ሴቶች ጋር ማዞሪያውን የምትሠራበት የራሷ ክፍል ተሰጣት። እንግዶች ሊጎበኙ ሲመጡ ማዞሪያው ተከፍቶ ይታያቸዋል፤ የተሰለፉትን ሬዚስተሮች አይተው የማን እጅ ሥራ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ድሮ እንግዳ ሲመጣ ከሰው ጀርባ ትቆም የነበረችው ኩኒዮ አሁን ማንም እስኪመልስላት አትጠብቅም።

«የኔ ነው» ትላቸዋለች።