የባሕር አንበሳ ሰባት ቤት

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ «የባሕር አንበሳ ዘር እቆጥራለሁ» ማለት እወዳለሁ። እውነቱን ከተናገርኩ ቆጣሪዎቹ ሌሎች ናቸው፤ እኔ ፍራንክፈርት ውስጥ በአንድ የምርምር ተቋም ብልቃጥ ላይ ቁጥር የምለጥፍ፣ ማቀዝቀዣ የምጠብቅ ረዳት ነኝ። በየብልቃጡ ውስጥ ከሩቅ ደሴት የመጣች፣ ጥፍር የምታህል ቆዳ ወይም ትንሽ የአጥንት ዱቄት አለች። የባሕር አንበሳ ባሕር ውስጥ ዓሣ እየበላ ዳርቻ ላይ የሚወልድ፣ ድሮ አዳኞች ለስቡና ለቆዳው ብለው የፈጁት እንስሳ ነው። የእኛዎቹ ተመራማሪዎች የሞቱትን አጥንት ከዛሬዎቹ ቆዳ ጋር እያስተያዩ፣ የትኛው ዳርቻ ባዶ ቀርቶ እንደነበርና እነማን መጥተው እንደሞሉት ያጠናሉ።

እኔ ቁጥር ስለጥፍ ጆሮዬ ሥራ አይፈታም። ሴቷ ባሕሩን ዞራ ዞራ የምትወልደው ብዙውን ጊዜ እሷው በተወለደችበት ዳርቻ ስለሆነ፣ የአንድን ዳርቻ ታሪክ በእናት በኩል መከተል ይቀላል ሲሉ ሰማሁ። ወንዱ ግን ደረቱን ነፍቶ ዳርቻውን ሲጠብቅ ይከርምና፣ ግልገሎቹ ሲመረመሩ ስንቱ የሱ ሆኖ አይገኝም። ይህን የሰማሁ ቀን ሳቄ ምሳዬን አላስበላኝም።

ያ ሳቅ ዞሮ ዞሮ ቤቴ ድረስ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።

ባለፈው ጥር ጋሉስ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ሦስት ሽማግሌዎች ልጄን ለጋብቻ ሊጠይቁ መጡ። ልጄ እዚሁ የተወለደች ናት፤ የምትወደውን ራሷ መርጣ ጨርሳለች። ሽማግሌ የተላከው እኔን ደስ እንዲለኝ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ለማጀብ የመጡ ናቸው። ሦስተኛው የሚያገባት ልጅ አያት ወንድም ናቸው፤ ለትምህርት መጥተው በዚያው የቀሩ፣ ሮደልሃይም ሰፈር የሚኖሩ ጡረተኛ መሐንዲስ።

«እሺ ሳትሉን እህል አንቀምስም» ብለው ተቀመጡ። ዱለቱ ጠረጴዛው ላይ መቀዝቀዝ ጀመረ።

ስለ ሥራዬ ጠይቀውኝ ያንኑ የለመድኩትን መልስ ሰጠሁ።

«አንበሳ ደግሞ ባሕር ውስጥ ምን ይሠራል?» አሉና ሳቁ። «በሉ እንግዲህ እኛም ሰባት ቤት እንቁጠር። አንቺማ አንበሳ ቆጥረሽ ለሰው አታንሺም።»

ከልጁ አባት ጀምረው ወደ ላይ ወጡ። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ከፍ አለ። የሰውየውን ስም፣ አገሩን፣ የፈረሱን ስም ሳይቀር ደረደሩ። በዚህ ሰው እንደሚኮሩ ልጁ ነግሮናል፤ የኢሜይል አድራሻቸው ራሱ የዚያ ፈረስ ስም ነው።

ስሙ ለኔ አዲስ አልሆነብኝም። አባቴ እንደ ውዳሴ ማርያም ያስጠኑኝን የራሴን ወገን ቆጠርኩ። በልጄ በኩል ስድስተኛው ላይ ያው ስም፣ ያው አገር፣ ያው ፈረስ!

«ዘመዳሞች ናቸው» አሉ መሐንዲሱ። «አይሆንም።»

ልጄ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። «ማማ፣ ቫስ ኢስት ሎስ? የሽታንደስአምት ቴርሚናችን እኮ ለሚያዝያ ነው!» ምን ነካችሁ ብላ ነው፤ ቴርሚን የምትለውም የማዘጋጃ ቤቱን የጋብቻ ቀጠሮ ነው። ነገሩን በጀርመንኛ ሳስረዳት «በአንድ ፈረስ ምክንያት?» ብላ አለቀሰች። አንጀቴን በላችው።

ያን ጊዜ ነው ብልቃጦቼ ትዝ ያሉኝ። «የባለ ፈረሱ የሁለቱ ልጆቹ እናት አንድ ናት ወይ?» አልኩ። «የርስዎ ወገን የወጣበትና የኔ ወገን የወጣበት? እኛ መሥሪያ ቤት ነገር ሲደባለቅ መጀመሪያ የሚጠየቀው እናት ነው።»

የሚያውቅ የለም። ሰባት አባት በቃላችን የምንወጣ ሰዎች ሦስት እናት መቁጠር አቃተን። እኔም ከአያቴ ወዲያ ያለችውን አላውቃትም፤ በጣም አፈርኩ።

መሐንዲሱ ደብረ ብርሃን ላሉት ታላቅ እህታቸው ደወሉ፤ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፈቱት። አሮጊቷ ጥያቄውን ሲሰሙ ሳቃቸው ቀደማቸው።

«የነሱ ወገን ከመጀመሪያዋ፣ ከሟቿ ሚስት ነው። የኛውን እናቱ አዝላው ነው እዚያ ቤት የገባችው። ባለ ፈረሱ አሳደገውና በስሙ ተጠራ። አንተ እንደዚያ ስትኩራራበት ማን ደፍሮ ይንገርህ?»

ልጄ የሥጋ ዝምድና እንደሌላቸው ገብቷት በደስታ ዘለለች። እኔ ግን ዓይኔ ሽማግሌው ላይ ቀረ። «ያሳደገስ ቢሆን አባት አይደለም?» አሉ ቀስ ብለው። አባቴ ነው ካሉ ሠርጉ የለም፤ ሠርጉ ካለ ባለ ፈረሱ የለም። በዚያ ደረቱን በነፋ የባሕር አንበሳ መሳቄ ጸጸተኝ። እሱ ቢያንስ ደውሎ የሚጠይቃት እህት የለችውም።

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከዚያ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «እናትየዋ ማን ትባል ነበር?»

እህታቸው ስሟን ነገሯቸው።

ቀና ብለው ከልጁ አባት ጀምረው እንደገና ቆጠሩ። ስድስት ወንዶች ጠሩ። ሰባተኛው ላይ ድምፃቸው ልክ እንደ ቅድሙ ከፍ አለና የሴቲቱን ስም ተናገሩ።

«በይ፣ አንቺ አንበሳ ቆጣሪ» አሉኝ፣ «ልጅሽን ለዚህች ሴት ዘር ስጪን።»

«እሺ» አልኩና ዱለቱን ላሞቅ ተነሣሁ። እንባዬ ምድጃው ላይ መጣ። የሠርጉን ጥሪ የላክንላቸው ግን በዚያው በፈረሱ ስም በከፈቱት ኢሜይል ነው፤ እሱን እስከ ዛሬ አልቀየሩትም።