የጥንቸሏ አንገት

ጥሩአየሁ በየጠዋቱ የግቢው በር ሳይከፈት ባለቀለም ጠመኔዎቿን ስኳር በተበጠበጠበት ውሃ ትነክራለች። እንዲህ የተነከረ ጠመኔ አይቦንም፤ ቀለሙም ይደምቃል። ከዚያ ጥቁር ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውልና ሕጻናቱ በዕለቱ የሚሥሉትን ነገር ትሥላለች፤ አንድ ቀን ብርቱካን፣ አንድ ቀን ግመል፣ አንድ ቀን ባጃጅ። ጅግጅጋ ውስጥ በዚህ የግል መዋዕለ ሕጻናት ሥዕል ስታስተምር ጸጉሯ ሸብቷል። የአይሱዙ ሾፌር የነበረው ባሏ ከሞተ ወዲህ የምታድረው እዚያው ግቢ፣ ከወንበር ማከማቻው ጎን ባለች አንዲት ክፍል ነው። ክፍሏ የተሰጠቻት ስለምታስተምር ነው፤ ማስተማሩ ከቀረ ክፍሏም ትቀራለች። የግቢው ባለቤት ደሃቦ ይህን ማስታወስ አይሰለቻትም።

በ2005 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ደሃቦ ለጀማሪዎች የተዘጋጀ የሥዕል መማሪያ ይዛ መጣች። አንድ ገጽ ገልጣ አሳየቻት። ጉንጫም ጥንቸል ናት፤ አንገቷ ላይ ሪባን ታስሮላት፣ አጠገቧ የአበባ ቅርጫት ተቀምጧል።

«የሚረዱን ሴትዮ በሚቀጥለው ሳምንት ከሸደር ስደተኞች ጣቢያ ይመጣሉ። የፈረንጅ ፋሲካ ነው። ልጆቹ ይህችን ሥለው ይስጧቸው።»

«ጥንቸልን ከፋሲካ ምን አገናኛት?» አለች ጥሩአየሁ።

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ፋሲካው የእናንተ ነው።»

ረዳቷ ሪሐና ሳቀች።

ጥሩአየሁ ግን የምትጠይቀው ሌላ ነገር ነበራት። ባለፈው ዓመት ዋርፋ የሚባል አባት ልጁ የሣለችውን ፍየል ይዞ መጥቶ፣ ነፍስ ያለው ነገር ሙሉ ሆኖ ሲሣል ቤቱ እንደማይወድ ተናግሮ ነበር። አልተቆጣም። መፍትሔውንም ራሱ አሳየ፤ እስክርቢቶ አውጥቶ የፍየሏ አንገት ላይ መስመር አሰመረ። ጭንቅላቱ ከአካሉ ከተለየ ሥዕሉ እንደ ሕያው አይቆጠርም አለ። ከዚያ ወዲህ ደሃቦ አንገቱ ላይ ያልተሰመረበት እንስሳ ከግቢው እንዳይወጣ አዝዛለች።

«ለእንግዳዋም አንገቷ ይሰመር?»

«ሕግ ሕግ ነው አባዮ፣ እህቴ። ለአንድ ፈረንጅ ብዬ ወላጅ አላባርርም።»

ይህን ስትል ሪሐና አጠገባቸው ወረቀት ታጥፍ ነበር።

ጥሩአየሁ ሰሌዳው ላይ አሳየቻቸው። ትልቅ ክብ ለሆዷ፣ ትንሽ ክብ ለራሷ፣ ሁለት ረጃጅም ቅጠሎች ለጆሮዋ፣ የጥጥ ድቡልቡል ለጅራቷ። የብዙዎቹ አህያ ወጣች። የኢቅራ ግን እውነትም ጥንቸል ነበረች፤ ልጅቷ ሪባኗን እንኳ በቀይ ከለር ሞልታላታለች።

«አሁን አንገቷ ላይ መስመር» አለች ጥሩአየሁ።

ኢቅራ ወረቀቷን በክንዷ ከለለች። «ያማታል ቲቸር።»

«ወረቀት ነው። ወረቀት አያመውም።»

«ሪባን አድርጌላታለሁ እኮ።»

ጥሩአየሁ የልጅቷን እጅ ከነከለሩ ጨብጣ በግድ አሰመረችው። ኢቅራ እያለቀሰች እጇን ስትጎትት ቀዩ መስመር ሰፋ፤ ከዚያም በጥንቸሏ ደረት ቁልቁል ወረደ። ከኋላ የነበሩት ይህን አይተው ወደዱት። ጥቁሩን ከለር ጣሉና ለቀዩ ተሻሙ። ጥሩአየሁ አየች፤ መስመር ካለ ይበቃል ብላ ሁሉንም ግድግዳው ላይ ለጠፈች።

እንግዳዋ ፈገግ ብላ ገባች። ግድግዳውን ስታይ ፈገግታዋ ጠፋ። በአስተርጓሚዋ በኩል ኢቅራን፣ «ጥንቸልሽ ምን ሆነች?» አለቻት።

«ቲቸር አረደቻት።»

አስተርጓሚው ደሃቦን አየት አድርጎ ተረጎመው።

«በእኔ እጅ ነው ያረደቻት» አለች ልጅቷ። ይህንንም ተረጎመው።

«ወላጆች ናቸው ያሉት» አለች ጥሩአየሁ። «አንገቱ ላይ መስመር ይሁን ብለው...»

«መስመር ሌላ፣ ደም ሌላ» አለች ደሃቦ። «ደም ይፍሰስ ያለሽ የትኛው ወላጅ ነው?» ደሃቦ ወደ አስተርጓሚው ዞረች። «እኔም ዛሬ ነው የማየው በልልኝ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ጭንቅላቷ ደህና አይደለም። አዝኜላት ነው ያስቀመጥኳት።»

ጥሩአየሁ ወደ ሪሐና ዞረች። «ይሰመር ስትለኝ ሰምተሻል። ንገሪያቸው።»

ሪሐና ጎንበስ ብላ የአንዱን ልጅ የጫማ ክር ታስር ነበር። ቀና አላለችም።

«እኔ ያን ጊዜ ልጆቹን ሽንት ቤት ወስጄ ነበር።»

እንግዳዋ ከሄደች በኋላ ደሃቦ የክፍሏን ቁልፍ ልትቀበል መጣች።

«ሴትዮዋ መደወላቸው አይቀርም። አሁንም እዚያ ናት ወይ ሲሉኝ ምን ልበላቸው?»

«የት ልሂድ?»

«አገር የለሽም?»

«ባሌ የተቀበረው እዚህ ነው።»

«እሱ ክፍል አልጠየቀኝም» አለች ደሃቦ፣ እጇን እንደዘረጋች።

ጥሩአየሁ ቁልፉን ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠቻት። ሰኞ ክፍሏ ውስጥ ሪሐና ትገባለች።