የገሜዳ እሑድ

የገንዳውን ሽፋን መግለጥ።
ሌሊት የወደቀውን የባሕር ዛፍ ቅጠል በመረብ መልቀም።
ክሎሪኑን መለካት።
የገንዳውን ዳርቻ ማጠብ።
ጥልቁን ውሃ ከልጆቹ ውሃ የሚለየውን ገመድ መወጠር።
ፎጣ ማደል፤ ፎጣ መሰብሰብ።
ሰው ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ ዓይንን ከውሃው አለማንሣት።
የተረሳ መነጽርና ነጠላ ጫማ አንሥቶ ማኖር።
ሽፋኑን መመለስ።

የነገሬ የዕለት ሥራ ይህ ነው። የሚሠራው ከቀራንዮ ወረድ ብሎ በሚገኝ የውጭ አገር ቤተሰቦች መዝናኛ ክበብ ውስጥ ነው። ክበቡ ከፊት በግንብ፣ በገንዳው በኩል ደግሞ በሽቦ የታጠረ ነው። ለሥራ ወደ አዲስ አበባ የተመደቡ የውጭ ሰዎች ቤተሰባቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ አባቶች ቴኒስ ይጫወታሉ፤ ልጆች ዥዋዥዌ ይወዛወዛሉ፤ ሁሉም ይዋኛሉ። ጥቂት ዓመት ቆይተው ወደ ሌላ አገር ይዛወራሉ፤ በቦታቸው ሌሎች ይተካሉ። በነገሬ ፊት ብዙ ልጆች ውሃ ለምደዋል፤ አንዳቸውም ግን በፊቱ አላደጉም።

ነገሬ በወጣትነቱ ከከምባታ መጥቶ ኮልፌ የከተመ፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ ሰው ነው። የሥራ ባልደረባው ገሜዳ ከጊንጪ የመጣ ነው፤ እሱ ደግሞ ሳይቀልድ መዋል አይችልም። እሑድ ክበቡ የሚጨናነቅበት ቀን ስለ ሆነ ገንዳው ያለ ጠባቂ አይተውም፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው በተራው ያርፋል። ሁለቱ ሰዎች በቋንቋም በጠባይም ቢለያዩ፣ ከየገጠራቸው ይዘውት የመጡት አንድ ሕግ አላቸው፤ እሱም ወንፈል ነው። ገበሬ በጎረቤቱ ማሳ ላይ አንድ ቀን ይውላል፤ ጎረቤቱም በተራው አንድ ቀን ይውልለታል። ቀኑን የሚመርጠው ያበደረው ነው። የተበደረው ሰው «ዛሬ አይመቸኝም» አይልም፤ በቀን ፈንታ ገንዘብም አይሰጥም።

ባለፈው ዓመት የነገሬ ባለቤት ዘመነች ለቀዶ ሕክምና ሆስፒታል በገባች ጊዜ፣ የነገሬን እሑድ ገሜዳ ሠራለት። ለምን እንደ ሆነ አልጠየቀም። ያ እሑድ የገሜዳ እኅት ሠርግ የነበረበት ቀን መሆኑን ነገሬ የሰማው ከወራት በኋላ ነው፤ ያውም ከሌላ ሰው አፍ። ከዚያ ወዲህ ገሜዳ ቀኑን እስኪጠይቀው ድረስ ሲጠብቅ ቆየ።

በዚህ መካከል የነገሬ ልጅ ትሕትና ለውሃ ጥምቀት ተመዘገበች። በቤተሰቡ አጥቢያ አንድ አማኝ ሲጠመቅ ሙሉ ሰውነቱ ውሃ ውስጥ ይገባል። ትሕትና ደግሞ በልጅነቷ፣ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ፣ ክረምት የሞላው የጎርፍ ቦይ ውስጥ ወድቃ ስለ ነበር ውሃ ትፈራለች። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ተመዝግባ፣ ከጥምቀቱ ገንዳ አፋፍ ደርሳ ተመልሳለች። አሁን «አባዬ ውሃው ውስጥ ከአጠገቤ ከቆመ እገባለሁ» አለች። ነገሬም ቃል ሰጣት። የአጥቢያው መጋቢ አማኑም ነገሬ ረዳት ሆኖ እንዲቆም ፈቀዱ፤ ቀኑም የነገሬ የዕረፍት ተራ በሆነ እሑድ ላይ ዋለ።

እሑዱ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ገሜዳ መጣ።

«ነገሬ፣ ቀኔን ልወስድ ነው። የፊታችን እሑድ።»

ነገሬ መረቡን እንደ ያዘ ቆመ። «የፊታችን?»

«ሽማግሌዎች ከወንድሜ ጋር ሊያስታርቁን ቀጥረውናል። ምነው ደነገጥክ? ዋና ልትጀምር ነበር እንዴ?»

ነገሬ ቅጠሉን ከመረቡ አራገፈ። «ቀንህ ነው፤ ውሰድ» አለው። ስለ ጥምቀቱ አንድም ቃል አልተናገረም።

ቤት ገብቶ ሲናገር ትሕትና ፊቷ ተለዋወጠ።

«ለፈረንጅ ልጆች ዓመቱን ሙሉ ትቆማለህ። ለእኔ አንድ ቀን መቆም ከበደህ?»

«ለፈረንጅ ልጆች አይደለም፤ ለገሜዳ ነው።»

«ንገረው እንግዲህ! ቢያውቅ ይተውልሃል።»

«ስለሚተውልኝ ነው የማልነግረው።»

ትሕትና ወደ እናቷ ዞረች። ዘመነች ግን የምትቆርጠውን ሽንኩርት ሳታስቀምጥ፣ «እኔ ስታከም ገሜዳ ለማን ቆመ? የእኅቱን ሠርግ ትቶ አይደለም?» አለቻት። ልጅቷ ወደ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች።

ነገሬ ብዙ አሰበ። ቀኑ ቢያልፍ ልጁ ለአራተኛ ጊዜ እንደማትመዘገብ ያውቃል። ልጁን ወደ ክበቡ ወስዶ ውሃ እንዳያለማምዳት፣ ገንዳው በአደራ የተሰጠው እንጂ የእሱ አይደለም። ሆኖም የክበቡ አሠልጣኝ ትንንሾቹን በምን እንደሚያስጀምራቸው ዘወትር ሲመለከት ኖሯል። በማግስቱ ከሥራ መልስ ትልቁን የልብስ ሳፋ ግቢው መካከል አስቀምጦ ውሃ ሞላበት።

«ትሕትና፣ ነይ።»

«ምን ልታደርገኝ ነው?»

«ፊትሽን ትነክሪያለሽ፤ በአፍንጫሽ ትነፊያለሽ። ውሃ የሚገባው መንፋት ስታቆሚ ነው።»

ልጅቷ አጎንብሳ ፊቷን ነከረች፤ ወዲያው እያሳላት ቀና አለች። ደገመች። ግቢ የሚጋሯቸው እትዬ ሰብሌ ከደጃቸው ሆነው ተመለከቱ።

«አንተ ነገሬ! ልጅቷን እንደ ጎመን ትዘፈዝፋታለህ እንዴ?»

«እያጠብኳት ነው፣ እትዬ ሰብሌ።»

«እንግዲያው ስትጨርስ ውሃውን እንዳትደፋው፤ የእኔ ምንጣፍ ይቀራል!»

ትሕትና ፊቷ ሳፋው ውስጥ እንዳለ ሳቀች፤ ሳቁም በውሃው ላይ አረፋ ሆኖ ወጣ። «ይኸው፣ ነፋሽ» አላት አባቷ። እስከ ቅዳሜ ድረስ ማታ ማታ ይህንኑ አደረጉ።

እሑድ ጠዋት ትሕትና ከእናቷ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ ነገሬ ወደ ክበቡ ሄደ። ሽፋኑን ገለጠ፤ ቅጠሉን ለቀመ፤ ገመዱን ወጠረ። ቤተሰቦቹ መጡ። አንዲት ትንሽ ልጅ ከገንዳው ዳር ቆማ እግሯን ታወዛውዛለች። አባቷ ውሃው ውስጥ ሆኖ ሁለት እጁን ዘርግቶላታል። ልጅቷ ትጠጋለች፤ ትመለሳለች፤ አሁንም ትጠጋለች። አባትየው አልተቆጣም፤ እጁንም አላጠፈም። ነገሬ ይህን ሁሉ ቆሞ አየ። ዓይኑን ሊያነሣ ቢፈልግም አይችልም፤ ሥራው ማየት ነውና። በመጨረሻ ልጅቷ ዘለለች። የነገሬ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ የጸለየው ለየትኛይቱ ልጅ እንደ ሆነ ራሱ ብቻ ያውቃል።

ከቀትር በኋላ ገንዳው በልጆች ተሞልቶ ሳለ፣ ከሽቦው አጥር በስተኋላ ድምፅ ሰማ።

«አባዬ!»

አንገቱ ሊዞር ሲል ድምፁ ቀደመው።

«አትዙር፤ ልጆች ውሃ ውስጥ አሉ። ሥራህን ሥራ።»

ነገሬ ውሃውን እያየ ጠየቀ፤ «ገባሽ?»

«ገባሁ።»

«ፈራሽ?»

«በጣም። መጋቢ አማኑ ሲያዘነብሉኝ እጃቸውን ቧጨርኳቸው።»

«ከዚያስ?»

«ነፋሁት።»

ነገሬ ወደ ኋላ አፈግፍጎ አጥሩን ተጠጋ። እጁን ወደ ኋላው ዘረጋና ሽቦውን ያዘ። ልጅቷም ጣቶቿን በሽቦው ቀዳዳ አሾልካ ጣቱን ያዘች፤ እጇ ገና ቀዝቃዛ ነበር። ዓይኑ ከውሃው አልተነሣም። የመጨረሻው ልጅ ወጥቶ ፎጣ ሲለብስ ዞሮ አያት፤ ጸጉሯ በነጠላዋ ሥር ረጥቦ ነበር።

ገሜዳ በማግስቱ ጠዋት ፊቱ በርቶ ተመለሰ፤ ከወንድሙ ጋር ታርቋል። ነገር ግን ስለ ጥምቀቱ ከትሕትና የሰማው የበር ጠባቂ ነግሮት ስለ ነበር፣ ነገሬ ዘንድ ሲደርስ ሳቁ ጠፋ።

«አንተ ሰው፣ ለምን አልነገርከኝም?»

«አንተስ የእኅትህን ሠርግ ነግረኸኝ ነበር?»

ገሜዳ ራሱን ነቀነቀ። የሽፋኑን አንድ ጫፍ ያዘ፤ ነገሬ ሌላውን ያዘ፤ አብረው ገለጡት። ነገሬ ከገሜዳ የተበደረውን እሑድ መልሷል። ዕዳው ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል።