ሸሀቡ፣ ፓንክና የታጠረው ምንጭ

መምህር የሺዋስና ሸሀቡ የተዋወቁት በአንድ ሞንታርቦ ምክንያት ነው። ከዳባት ወደ ደባርቅ የምትወጣው ሚኒባስ ሞልታ የቀረችው አንዲት ጠርዝ ብቻ ነበረች። ከጎኗ ደግሞ ለሰርግና ለስብሰባ የሚከራየው ያ ጥቁር የድምፅ ማጉያ እንደ ትልቅ ሰው ወንበር ይዞ ተቀምጧል። የሺዋስ እንደ ምንም ተሸጉጦ ገባ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሳጥን ከላይ ይጫን ብያለሁ!» ይላል ረዳቱ።

«ከላይ አንተ ተጫን!» ይላል ባለሞንታርቦው። «አንተ ብትወድቅ አቧራህን አራግፈህ ትነሳለህ። ይሄ ቢወድቅ ማን ያነሳዋል?»

ተሳፋሪው ሳቀ። ሹፌሩም እየሳቀ ሙዚቃ ከፈተ። አንድ በኮምፒውተር የተሞረደ የፍቅር ዘፈን ነበር። ሰውየው እንደ መርፌ የወጋው ያህል ተነሥቶ ተቀመጠ።

«ዝጋልኝ እባክህ!»

«ምን አደረገህ ዘፈኑ?»

«ልጁ ለቅሶ ላይ ነኝ ይላል፣ ድምፁ ግን ሱፍ ለብሷል። ዝጋው!»

የሺዋስ ዳባት የሚያስተምር፣ ጨዋታ የሚወድ፣ መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው ታሪኩን ሳይሰማ የማይለቅ ሰው ነው። ወደ ሰውየው ዘወር ብሎ «ታዲያ እርስዎ ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው የሚጥምዎት?» ሲል ጠየቀ።

«ፓንክ ሮክ።»

ይህን መልስ አልጠበቀም። ዕድሜው ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ ኮፍያውን ግንባሩ ድረስ የደፋ፣ ከዳባት የተሳፈረ ሰው፣ እና ፓንክ ሮክ! «እነዚያ ፀጉራቸውን እንደ አውራ ዶሮ የሚያቆሙት?» አለ፤ ነገር ለማሟሟቅ ያህል።

«ይኸው! ፀጉር!» ሰውየው ሞንታርቦውን በመዳፉ መታ። «ፓንክ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያውቀው ፀጉር ነው። ይሄንኑ ነው የምለው። የገደሉት በፀጉር ነው!»

መሐል መንገድ ላይ ያለችው ወቅን እስኪደርሱ ድረስ የሺዋስ የሰውየውን ስምም ታሪክም ጨርሶ ሰማ። የሸሀቡ አባት በዳባት ገበያ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጡ ነበር። እሱ ግን ሱቅ መቀመጥ አልሆንልህ ብሎት ገና በወጣትነቱ ደባርቅ ወጣና ራስ ዳሸን ከሚወጡ ቱሪስቶች ጋር ድስትና ሳህን ተሸክሞ የሚሄድ የወጥ ቤት ሠራተኛ ሆነ። አንድ ጊዜ መርከብ የሚበይድ ስኮትላንዳዊ ከዳሸን ሲወርድ እግሩ ወለም አለውና አምቢኮ በሚባለው የተጓዦች ማረፊያ በቅሎ እስኪመጣለት ተቀመጠ። ሸሀቡ ሾርባ ሲወስድለት፣ ሰውየው የሚሰማበትን ማዳመጫ ከጆሮው አውጥቶ እሱ ጆሮ ላይ አደረገለት።

«ቴፑ የካሴቱን ክር እየበላው መስሎኝ ነበር» አለ ሸሀቡ። «በሰላም ጊዜ እንዲህ የሚጮህ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ቃሉ አንድም አልገባኝ። ግን ሰውየው ዘፋኝ እንዳልሆነ ገባኝ። ዘፋኝ አይደለም! እንደ እኔ ያለ ድምፁ የሻከረ ሰው ነው፣ ማንም ዝም በል ያላለው! ክሩን ትቶልኝ ሄደ። ዛሬም አለኝ።»

«ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ታሪኩን ያጠኑት?»

«ጎንደር ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ከሽንኩርት ነጋዴ ጋር እየተጋፋሁ ነዋ። ስማኝ መምህር። በፈረንጆቹ ሰባዎቹ ውስጥ ሮክ ዘፋኝ ማለት ንጉሥ ነበር። አንዱ ጊታሩን ግማሽ ሰዓት ሲገዘግዝ ሕዝቡ ከሩቅ ቆሞ ያያል። ኒውዮርክ ውስጥ በአንዲት የቆሸሸች መሸታ ቤት ጥቂት ልጆች ተነሡና ዘፈኑን ቆረጡት። አጭር፣ ፈጣን፣ ጌጥ የሌለው። የለንደን ሥራ ፈቶች ሰሙና ቁጣ ጨመሩበት። መጫወት እኮ አይችሉም! ዛሬ ከታች ቆሞ የሰማው በሳምንቱ ከላይ ወጥቶ ይጮሃል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ነጋዴ መጣ። የነጋዴ ልጅ ነኝና ስናገር እመነኝ። ድሀው ልብሱ ተቀዶበት በመርፌ ቁልፍ ቢያያይዘው፣ ነጋዴው ከነቀዳዳው አምርቶ በውድ ሸጠው። አሜሪካኖቹ በሰማንያዎቹ ይባስ አፈጠኑት። ራሳቸው ቀድተው በእጃቸው ሸጡ። እነሱን አከብራለሁ። በዘጠናዎቹ የካሊፎርኒያ ልጆች መጡ። አልዋሽህም፣ ዜማቸው ይጥማል፣ እኔም እሰማቸዋለሁ። ግን ስታዲየም ገቡ። ስታዲየም ደግሞ ያው ነው፤ ዘፋኙ እዚያ፣ ሕዝቡ እዚህ፣ መሐል ላይ ዘበኛ!»

የሺዋስ እዚህ ላይ አልተስማማም። «እኔ ግን አደገ ነው የምለው። ሕፃን ሆኖ የሚቀር ነገር የለም። እርስዎስ በሃያ ዓመትዎ እንደነበሩት ነዎት?»

«አደገ? በቅሎ ሲገራ አደገ ይባላል እንዴ?»

«የተገራ በቅሎ እኮ ነው ጭነት የሚያደርስ።»

 ሸሀቡ ቀጥሎ በዝግታ የተናገረው ስለ ፈረንጅ አልነበረም። ከአምቢኮ ሲመለስ ያንን ክር ይዞ በቀጥታ የሄደው አለምነህ ወደሚባል አዝማሪ ጓደኛው ቤት ነበር። «የአንተ ወንድሞች ናቸው» አለው። ለምን ቢባል፣ አዝማሪ ፊት የቆመ ማንም ሰው «ተቀበል!» ካለ አዝማሪው ግጥሙን ተቀብሎ በዜማ ይደግማል። ድሀ ይስጠው፣ ሰካራም ይስጠው፣ ባለጋራው ይስጠው፣ አልቀበልም የለም። ሁለቱ ጓደኞች ማሲንቆውን ከአንድ ግማሹ ከተቃጠለ ሞንታርቦ ጋር አገናኝተው፣ ድምፁ እንደ ወፍጮ እያጓራ፣ ለዓመታት በገበያ ቀን ዳባት ዳር ይቆሙ ነበር። እህል የሚያጎድል ደላላ በስሙ ተዘፍኖበታል። ሸሀቡ ራሱ ሞንታርቦውን በእርጥብ መሬት ሲጎትት ሚስቱ መጥታ «ተቀበል» ብላ ሰድባዋለች፤ አለምነህም ሳያቅማማ ዘፍኖበታል።

«አሁን ደባርቅ የሚመረቀው ሎጅ አለምነህን በቋሚነት ቀጥሮታል። ድምፁን የማቀናው እኔ ነኝ» አለ ሸሀቡ። «ሰዎች የሚያወሩት አለ። እዚያ የሚቀበለው ባለቤቱ የፈቀደውን ብቻ ነው ይላሉ። እኔ አላመንኩም። ዛሬ አየዋለሁ።»

«እኔም ወደዚያው ነኝ» አለ የሺዋስ። ባለሎጁ አቶ ገዱ የድሮ ጎረቤቱ ነበር። «አብረን እናያለን።»

ሎጁ ያምራል። ሣር ክዳን ጎጆዎች፣ የጥርብ ድንጋይ መንገድ፣ ዳር ዳሩን ደግሞ አዲስ የሽቦ አጥር። አጥሩ የሰፈሩን ምንጭ አስገብቶ ስለተዘረጋ በቅሎ ጫኞቹና ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ከውጭ ቆመው ምረቃውን ይመለከታሉ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ግን ተጋብዘው ድንኳን ውስጥ ናቸው፤ ከነሱም መካከል እማማ ሸጊቱ የሚባሉ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ ሴትዮ አሉ።

አለምነህ ጥልፍ ካባ ለብሶ ወጣ። ሸሀቡ ማይክራፎኑን እያስተካከለለት «እንደ ሙሽራ አምረሃል» አለው።

«ቅናት ነው።»

«ሰው ግጥም ቢሰጥህ ትቀበላለህ፣ አይደል?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? በል ድምፁን አስተካክል፤ ጆሮዬን እየወጋኝ ነው።»

ጥሩ ተጀመረ። አለምነህ እንግዶቹን አወደሰ፣ አቶ ገዱን አወደሰ፣ ጥርብ ድንጋዩን ሳይቀር አወደሰ። አንድ ባለሥልጣን «ተቀበል!» አለና ራሱን የሚያወድስ ግጥም ሰጠ። አለምነህ ተቀበለው፤ ተጨበጨበ። ከዚያ እማማ ሸጊቱ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ተቀበል!»

*ምንጭ በሽቦ አጥሮ እንግዳ ሚያጠጣ፣*
*ለኛ ለሰፈሩ ውኃ ከየት ይምጣ?*

የአለምነህ ደጋን አልቆመም። ፈገግ ብሎ ወደ ሌላ ጎን ዞረና ደግሞ አቶ ገዱን ማወደስ ቀጠለ። የሺዋስ አንገቱን መዘዝ አድርጎ ሸሀቡን አየው። ሰውየው ሁለት እጁን የድምፅ ማስተካከያው ሚክሰር ላይ ጭኖ፣ ከንፈሩን ነክሶ ቆሟል።

«ተቀበል እንጂ፣ ልጄ!» አሉ እማማ ሸጊቱ፤ ያልተሰሙ መስሏቸው ነበር። ግጥሙን ደገሙት።  አጥሩ ማዶ ያሉት ተጠጉ። አቶ ገዱ ወደ ሸሀቡ ዞሮ፣ እየሳቀ፣ መዳፉን ከፍ ከፍ አደረገ፤ የማሲንቆውን ድምፅ ጨምር፣ ሴትዮዋን ሸፍናት ማለቱ ነው።

ሸሀቡ ቁልፉን ተጫነ። ሞንታርቦው ዝም አለ።

ድንኳኑን የሞላው ድምፅ ባንድ ጊዜ ተነነና የቀረው እንደ ንብ እም የሚል አንድ የማሲንቆ ጭራ ሆነ። አለምነህ አየው፤ የሺዋስ ያንን አስተያየት አይረሳም። እማማ ሸጊቱ በሦስተኛው «ተቀበል፣ ምን ሆነሃል?» አሉት፤ በቁጣ ሳይሆን ታሟል ብለው እንደ ማዘን እያሉ።

«ዛሬ ፕሮግራም ነው፣ እማማ» አለ አለምነህ። «በፕሮግራም ነው የምንሄደው።»

«ፕሮግራም?» ያለው ሸሀቡ ነው። ወደ ፊት መጣ። «ከመቼ ወዲህ ነው አዝማሪ ፕሮግራም ያለው? ከመቼ ወዲህ?»  ያኔ ሸሀቡ፣ በሕይወቱ አንዲት ዜማ አቅንቶ የማያውቀው ሸሀቡ፣ ግጥሙን ራሱ ተቀበለ። ጮኸው። ድምፁ የተሰነጠቀ ጋን ነው። አንዳንዱ እንግዳ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ፊቱን በናፕኪን ሸፈነ። በሁለተኛው ግን ከአጥሩ ማዶ በቅሎ ጫኞቹ አብረው አነሱት፤ በሦስተኛው ሴቶቹ ጨመሩበት። የሳቁት ናፕኪናቸውን አወረዱ። የሎጁ ዘበኞች ሸሀቡን ብብትና ብብቱን ይዘው ሲያወጡት እንኳ «ውኃ ከየት ይምጣ» እያለ ነበር።

ምንጩ በዚያ ቀን አልተከፈተም። የሺዋስ ሞንታርቦውን ከሸሀቡ ጋር ተሸክሞ ከበሩ ሲወጣ አለምነህ ካባውን እንደለበሰ ደረሰባቸው።

«አዋረድከኝ» አለ።

«እኔ? እኔ ነኝ ያዋረድኩህ?»

«አንተ ሳጥንህን ጭነህ ዳባት ትገባለህ። እኔ ነገም እዚሁ ነኝ። አራት ልጅ አለኝ፤ አንተ ፈረንጆችህን ስትሰማ ልጆችህን ሚስትህ ሱቅ ነግዳ ነው የምታበላልህ። ንዴት ለአንተ ቀላል ነው።»

ይሄ ነገር ሸሀቡን ጎዳው፤ የሺዋስ ከፊቱ አየ። እውነትነት ነበረውና። ሆኖም ወደኋላ አላለም። «ልጆችህን እወዳቸዋለሁ፣ ታውቃለህ። ገዱን አሞግስ፣ ጥርብ ድንጋዩን አሞግስ፣ ማን ከለከለህ? ግን አንዲት ሴትዮ ፊትህ ቆማ ተቀበል ስትልህ፣ ስለ ውኃዋ! ስለ ውኃ እኮ ነው አለምነህ! ሚስቴ ስትሰድበኝ ያልራራህልኝ ሰውዬ ለገዱ ራራህለት?»

አለምነህ ማሲንቆውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ።  ከድንኳኑ ስሙ ሲጠራ ሰማና ተመለሰ።

መናኸሪያው ድረስ ሸሀቡ ለራሱ እያጉረመረመ ሄደ፤ ሎጁን፣ ገዱን፣ ስታዲየሙን፣ የተቀደደ ሸሚዝ የሚያመርቱትን ሁሉ ባንድነት ረገመ። የዳባቱ ሚኒባስ ሊነሳ ሲል የሺዋስ፣ ነገሩን ለማብረድ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ለአንድ አዝማሪ ይህን ያህል መናደድዎ አልበዛም?» አለው።

ሸሀቡ ሞንታርቦውን ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ጠረገበት።

«የማላውቀው አዝማሪ ቢሆንማ» አለ፤ «ገዱ ጨምር ሲለኝ ጨምሬ፣ ምሳዬን በልቼ እመለስ ነበር።»