እናቴ እርፍ የጨበጠች ሰሞን

የሴቶች ቀን በመጣ ቁጥር መርሳ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ሰልፍ ፊት ቆሜ የምናገረው እኔ መምህርቷ ነኝ። ስለ እኩልነት ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አወራለሁ፣ ይጨበጨብልኛል፣ ከዚያ ወርጄ ሻዬን እጠጣለሁ። እናቴ በሬ ጠምዳ ማሳ ወጣች ሲሉኝ ግን መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ "ተማሪዎቼ እንዳይሰሙ" የሚል ነበር። ስጽፈው ዛሬም ያሳፍረኛል፤ ያሳፍረኝ፣ እጽፈዋለሁ።

አባቴ ከሞተ ወዲህ መሬታችንን የሚያርሰው ታላቅ ወንድሙ፣ አጎቴ ነበር፤ ምርቱን እኩል ሊካፈል። እኛ ዘንድ ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ትሸከማለች። እርፍ ግን አትነካም፤ ከነካች ዝናብ ይቀራል ይባላል። ስለዚህ ባል የሞተባት ሴት መሬቷን ለወንድ ሰጥታ ግማሹን ትጠብቃለች። አጎቴ ወደኛ የሚመጣው የራሱን አርሶ፣ ዘርቶ፣ አርፎ ሲያበቃ ነው። ሁለት ዓመት በተከታታይ ጤፋችን ገና አበባ ላይ ሳለ ዝናቡ ጥሎን ሄደ። በሦስተኛው ዓመት ጭራሽ "መሬቱን በልጄ ስም አዙሪው፣ አንቺ ምን ትሠሪበታለሽ?" አላት። 

እናቴ ተነሥታ ጎረቤታችን ዘንድ ሄደች። ጎረቤታችን ክርስቲያን ናት፤ እሷም ባሏ ሞቶባታል፣ እሷም ያላት አንድ በሬ ብቻ ነው። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ወንዶች እንደሚያደርጉት ሁለቱ ሴቶች በሬዎቻቸውን አቀናጁና በየተራ ሊያርሱ ተስማሙ። አርብን ለእናቴ ጁምዓ፣ እሑድን ለእሷ ሰንበት ብለው ከእርሻ ተዉት። የተጠቀሙት በሬዎቹ ናቸው፤ የሁለቱንም ሃይማኖት ዕረፍት አገኙ።

ቅዳሜ ማሳው ድረስ የሄድኩት ላስቆማት ነበር።

"እማ፣ ተይው፤ ሰው እቀጥርልሻለሁ" አልኳት።

"እኔስ ሰው አይደለሁም?" አለችኝና በሬዎቹን ነዳች።

ብዙም ሳይቆይ አጎቴ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። እናቴ አልቆመችም። "መምጣታችሁ ክብሬ ነው፤ በሬዎቹ ግን አንዴ ከቆሙ አይነሡልኝም፤ እየሄድን እንነጋገር" አለቻቸው። ሽማግሌዎቹ በፕላስቲክ ጫማ ትልም ለትልም ተከተሏት።

"ዝናብ ታስቀሪብናለሽ" አለ አጎቴ።

"ሐራ ከተማም ዘንድሮ ዝናብ ዘግይቷል። እዚያ ያረሰችው ሴት ማን ናት?" ብላ ወደ አንደኛው ሽማግሌ ዞረች። "ሸሁ፣ ሴት አትረስ የሚል ኪታብ ላይ አይተው ያውቃሉ?"

 "የለም። ልማድ ነው" አሉ ሸሁ፤ መከተላቸውንም ተዉ።

አጎቴ ግን አልተወም። ሰኞ እናቴ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ በሬያችንን ፈትቶ ወሰደ። "የወንድሜን በሬ ሴት አታዋርደውም" ብሏል። በአንድ በሬ አይታረስም፤ የዘር ጊዜው ደግሞ እያለፈ ነበር። ጎረቤታችን ደውላ አገናኘችን። እናቴ አላለቀሰችም። "በቃ፣ መሬቱን ይውሰደው" አለችኝ። ያን ስሰማ ውስጤ ነደደ። በሕይወቴ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም፤ በአጎቴም፣ በራሴም።

የሚቀጥለውን ክፍለ ጊዜ ለባልደረባዬ ሰጥቼ፣ እጄ ላይ ያለውን ጠመኔ እንኳ ሳልታጠብ ወጣሁ። አጎቴ ደጁ መደብ ላይ ተቀምጧል።

"በሬያችንን ልወስድ ነው" አልኩት።

"አስተማሪ አይደለሽ? አታፍሪም?"

"አፍሬ ነበር። ተውኩት።"

በሬው የታሰረበት ገመድ ጠብቆ አልፈታ አለኝ። ይኼኔ ሚስቱ ከቤት ወጣች። እሱ ሲናገር ቀና ብላ ስታየው እንኳ አይቼ አላውቅም። ጎንበስ ብላ ቋጠሮውን ፈታችና ገመዱን መዳፌ ላይ አኖረችው። "ሂጂ፣ ዘሩ ሳያልፍባችሁ" አለችኝ። አጎቴ ብድግ አለ፤ እሷ ግን እኔን አሳልፋ የግቢው በር ላይ ቆመች።

በጓሮ የሚያስኬድ መንገድ ነበር። እኔ በአስፋልቱ ሄድኩ። ባጃጆች ጥሩምባ ነፉብኝ፣ የወልድያ ሚኒባስ በሬውን እስካሻግር ቆመ፣ ተማሪዎቼ አጥር ላይ ተንጠልጥለው አዩኝ። ይዩኝ አልኩ።

በዚያው ሳምንት አርሰን ዘሩን መሬት አስገባን። መሬቱም በእናቴ ስም እንዳለ ነው። የመጨረሻዋን ጥግ እያረስን ሳለ የአጎቴ ሚስት ብቻዋን መጣች። ጫማዋን አውልቃ ዳር ላይ አስቀመጠች።

"እስቲ እርፉን ልያዘው" አለች።

እናቴ ምንም ሳትጠይቃት ቦታዋን ለቀቀችላት።